ቅቤ፣ ተልባና ሚዛን፦ የአቡሽ የኪቶ ማስታወሻ

ከመጀመራችን በፊት

ይህ ልጄን አቡሽን ለሚጥል በሽታው በኪቶጀኒክ ዳይት (ቅባቱ የበዛ፣ እህልና ስኳሩ ያነሰ ምግብ) ስናሳክመው የያዝኩት ማስታወሻ ነው። አቡሽ 4 ዓመቱ ነው። 15 ኪሎ ይመዝናል። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሕመሙ የጀመረው ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው ነው። ቆሞ እየተጫወተ ድንገት ይወድቃል፤ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ይነሳል። መጀመሪያ በቀን አንዴ ሁለቴ ነበር። በኋላ ከ20 እስከ 30 ደረሰ። አገጩ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ቤት ውስጥም ሄልሜት አድርጎ ነው የሚውለው።

አንድ ቀን ረዥም መንቀጥቀጥ መጣበት። ቤት ውስጥ የነበሩ ዘመዶች ክብሪት ጭረው አሸተቱት። እኔም ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ሲደረግ ያየሁት ነውና ዝም አልኩ። ዛሬም ይቆጨኛል። ክብሪት ምንም አይፈይድም። በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት ማየት ነበረብን። አሁን በፊንጢጣ የሚሰጥ ዳያዜፓም ቦርሳችን ውስጥ አለ። 5 ደቂቃ ካለፈ እሱን እንሰጣለን፣ 911 እንደውላለን።

ኬፕራ የተባለ መድኃኒት ተሞከረ፣ አልያዘውም። ቫልፕሮይክ አሲድ ተጨመረ። ትንሽ ቀነሰለትና ተመልሶ መጣ። የአንጎል ሞገድ ምርመራው (ኢኢጂ) ታይቶ ዱዝ ሲንድረም ተባለ፤ በልጅነት የሚጀምር የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። ሁለት ተስማሚ መድኃኒት ካልሠራ ሦስተኛው የመሥራት ዕድሉ ትንሽ ነው አሉን። የነርቭ ሐኪሟ (ኒውሮሎጂስቷ) «የእሱ ዓይነት የሚጥል በሽታ ለኪቶጀኒክ ዳይት ጥሩ ምላሽ ከሚሰጡት አንዱ ነው» አለችን።

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጾም መንቀጥቀጥን እንደሚያስቆም ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በ1921 በማዮ ክሊኒክ ራስል ዋይልደር የተባለ ሐኪም ሳይጾሙ የጾምን ውጤት የሚያመጣ ምግብ አሰበ። ቅባቱ በጣም ብዙ፣ እህልና ስኳሩ በጣም ጥቂት። ጉበት ቅባቱን ወደ ኪቶን ይለውጠዋል፣ አንጎልም በአብዛኛው በስኳር ፋንታ እሱን እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። በ1938 ፌኒቶይን የተባለው ክኒን ሲመጣ ዳይቱ ቀስ በቀስ ተረሳ። በ1990ዎቹ እንደገና ያነሡት እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሰውነቱ የጾመ ይመስለዋል፣ የሚበላው ግን ቅቤና ክሬም ነው። በጾም ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ተስፋችንን ልክ ለማስያዝ አንድ ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩ። በ2008 ለንደን ውስጥ በታተመ ጥናት 145 ልጆች ተሳትፈዋል። ከሦስት ወር በኋላ ዳይቱን ከጀመሩት 38 በመቶው መንቀጥቀጣቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ካልጀመሩት 6 በመቶው ብቻ። ሁሉም አልዳኑም ማለት ነው። ሦስት ወር እንሞክራለን፣ ካልሆነ እናቆማለን ተባባልን።

ሳምንት 0፣ ሆስፒታል (ጥቅምት መጀመሪያ)

መጀመሪያ ደሙንና ሽንቱን መረመሩ። ሰውነታቸው ቅባትን ማቃጠል የማይችል ልጆች አሉ፤ ለእነሱ ይህ ዳይት አደገኛ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ አይጀምሩም። አራት ቀን ተኛን።

የምግብ ባለሙያዋ (ዳይቲሺያኗ) ወረቀት አውጥታ አሠራችኝ። ሬሾው 4 ለ 1 ነው፦ ለ1 ግራም ፕሮቲንና ካርብ (ካርቦሃይድሬት፣ እህልና ስኳር ውስጥ ያለው) 4 ግራም ስብ። 4 ግራም ስብ 36 ካሎሪ፣ 1 ግራም ሌላው 4 ካሎሪ፣ በድምሩ 40። የአቡሽ የቀን ምግብ 1000 ካሎሪ ነው። 1000 ለ40 ሲካፈል 25። ስለዚህ በቀን 100 ግራም ስብና 25 ግራም ሌላው። ከ25ቱ 15ቱ ፕሮቲን ነው፤ ለማደግ ያስፈልገዋል። የቀረው 10 ግራም ካርብ ነው፣ ለቀኑ በሙሉ። በአንድ ምግብ 3.3 ግራም።

10 ግራም ስትል ጤፍ መጣብኝ። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ያህሉ ካርብ ነው። እንጀራ አከተመ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በሁለተኛው ቀን ፈዘዘ፣ አስታወከው። የደሙ ስኳር ወደ 46 ወረደ። ነርሷ 30 ሚሊ ሊትር ብርቱካን ጁስ ሰጠችው፣ ተመለሰ። ሳያስፈልግ ከዚያ በላይ አይሰጥም፤ ኪቶኑን ያጠፋዋል። በአራተኛው ቀን በሽንት ውስጥ ያለውን ኪቶን የሚያሳየው ወረቀት (ስትሪፕ) ጥቁር ሐምራዊ ሆነ፤ ኪቶኑ ወጥቷል ማለት ነው። ወደ ቤት ሄድን።

የተገዛ፦ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን 28 ዶላር። የሽንት ስትሪፕ 50 ፍሬ 12 ዶላር። የደም ኪቶን መለኪያና 10 ስትሪፕ 45 ዶላር። ትንንሽ የሲሊኮን መላሻ (የሳህን መጥረጊያ) 9 ዶላር። መላሻው እንዳይናቅ። ሳህን ላይ የሚቀር ቅቤም ተመዝኗል፤ ተጠርጎ መበላት አለበት።

ሳምንት 1

የወደቀው፦ በቀን 22 አካባቢ።

የመጀመሪያው ቁርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። 36 በመቶ ስብ ያለው ሄቪ ክሬም 60 ግራም፣ እንቁላል 20 ግራም፣ የተቀቀለ ጎመን 40 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 10 ግራም፣ እንጆሪ 10 ግራም። 10 ግራም እንጆሪ አንዷ ፍሬ እንኳ አትሞላም። እንቁላሉን መትቼ ከሚዛኑ ላይ በማንኪያ እያወጣሁ 20 ላይ አደረስኩት። (ይህ ለአቡሽ ክብደትና ለደሙ ውጤት የተሰላ ነው። ማንም ለልጁ እንዳይቀዳው።)

ክሬሙን ጠጣ። ጎመኑን ተፋ። «ዳቦ» አለ። ዳቦውን ከቤት አውጥተነው ስለነበር የትም አላገኘም፣ ግን የሚቀመጥበትን መሳቢያ ከፍቶ ቆሞ ያየው ነበር። ከሳምንቱ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ከምግቡ ሌላ በየቀኑ፦ ስኳር የሌለው መልቲቫይታሚን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ ለኩላሊት ጠጠር መከላከያ ፖታሲየም ሲትሬት። ኬፕራው ሽሮፕ ነበር። ፋርማሲስቱ ማጣፈጫው እንደሚቆጠር ነግሮን ወደ ክኒን ተቀየረ፤ ፈጭተን በክሬም እንሰጠዋለን።

ሳምንት 2

የወደቀው፦ 19። ኪቶን በደም 2.6። ከ4 በላይ መሆን ነበረበት።

ለምን እንደማይወጣ አልገባኝም። ሁሉን እመዝናለሁ። ቅዳሜ ማታ ለዳይቲሺያኗ ጻፍኩላት፤ «የሚበላውን ሁሉ፣ ጠብታም ብትሆን ዘርዝርልኝ» አለችኝ። ዘረዘርኩ። ማታ ማታ ሲርበው አራት የሾርባ ማንኪያ ክሬም እጨምርለት ነበር። ካርቶኑ ላይ «ካርቦሃይድሬት 0» ይላል፤ ስለዚህ አልቆጠርኩትም።

ስሕተቱ እዚያ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በአንድ መስፈሪያ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ 0 ተብሎ መጻፍ ይፈቀዳል። የክሬሙ መስፈሪያ ደግሞ አንድ ማንኪያ ነው። አራት ማንኪያ ሲሆን 1.7 ግራም ካርብ ይገባል። የአንድ ምግቡ ግማሽ! ካሎሪውም 200 ይሆናል፣ የቀኑ አንድ አምስተኛ። ሳላውቅ ሥራዬን እያፈረስኩ ነበር።

የተስተካከለ፦ የማታው ክሬም ከቀኑ ስሌት ውስጥ ገባ። ከአሁን በኋላ የካርቶን 0 አላምንም፤ በ100 ግራም ስንት እንደሆነ እፈልጋለሁ።

ሳምንት 3 እና 4

ኪቶን 4.3። የወደቀው መጀመሪያ 15፣ ከዚያ 9።

ግን ሆዱ ደረቀ። አምስት ቀን ሙሉ አልወጣም። ውኃውን ጨመርን። አቮካዶ ገባ። ከዚያ ባለቤቴ «ተልባስ?» አለች። አዲስ አበባ ሆድ ለደረቀበት የሚሰጠው እሱ አይደል? የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ሳይ ደነገጥኩ። 100 ግራም ተልባ 42 ግራም ስብ አለው። ካርቡ 29 ቢሆንም 27ቱ የማይፈጭ ፋይበር ነው፤ የሚቆጠረው 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ለዚህ ዳይት የተፈጠረ እህል ቁም ሳጥናችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዳይቲሺያኗ ፈቀደች፦ ለመጀመሪያ በቀን 5 ግራም፣ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ ከብዙ ውኃ ጋር። ሳይፈጭ ከተሰጠ እንዳለ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተፈታ።

ሳምንት 6

የወደቀው፦ በቀን 3።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ሁላችንም እማማ ነው የምንላት። በመጀመሪያው ቀን ሳህኑን አይታ «ልጄ፣ ይህ ልጅ እህል ሳይቀምስ እንዴት ነው የሚያድገው?» አለችኝ። ምን ልበላት። ሰንጠረዡን አሳየኋት፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ከጥቅምት ጀምሮ የተመዘገበበትን። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። 22፣ 19፣ 15፣ 9፣ 3። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

በማግስቱ ግን ጎረሰ። ልማድ ነው፣ እጇ ቀደመ። እሷ ስትበላ አጠገቧ ቆሞ ነበርና ሽሮ በእንጀራ አጎረሰችው። ማታ ስድስት ጊዜ ወደቀ። አለቀሰች። እኔም አልተቆጣሁም። ጉርሻ መከልከል ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አያት የልጅ ልጇን ካላጎረሰች በምን ትወደው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅቤው ሥራ የእሷ ሆነ። ጨው የሌለው ቅቤ እንገዛለን፣ እሷ በኮረሪማና በኮሰረት ታነጥረዋለች፣ በደንብ ታጠልለዋለች። የነቢያት ጾም ስለገባ አትቀምሰውም፤ መቼ እንደበሰለ የምታውቀው በመዓዛው ብቻ ነው።

ሳምንት 7

ትኩሳት 39.4። ድንገተኛ ክፍል ሄድን። ስንት ልፋት በአንድ ሌሊት!

ዳይቱን እንደሚከተል በር ላይ ተናግሬአለሁ። ቢሆንም ዴክስትሮስ (ስኳር) ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ ሰቅለው 20 ደቂቃ ያህል ከወረደ በኋላ ነው ከረጢቱን ያነበብኩት። እንዲነቀል ጠየቅሁ። ወጣቷ ሐኪም ይቅርታ ጠየቀችና ሳላይን (ስኳር የሌለው የጨው ውኃ) ብቻ አደረገችለት። ለትኩሳቱ ከዚያ በፊት ጣፋጭ ሽሮፕ ተሰጥቶታል።

በማግስቱ ኪቶን 1.1። የወደቀው 14።

የተስተካከለ፦ ኒውሮሎጂስቷ የፈረመችበት አንድ ገጽ ደብዳቤ አለን፤ ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠን ነው። ቤት ፋይል ውስጥ ነበር። አሁን ሦስት ኮፒ አለው፦ አንዱ መኪና ውስጥ፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ መዋያው። ላዩ ላይ በቀይ «ዴክስትሮስ የለም፣ ስኳር ያለው ሽሮፕ የለም፣ ስኳሩ ከወረደ ግን ይታከም» ብዬ አሠመርኩበት። የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ከፍርሃት ብዛት ስኳሩ የወረደን ልጅ ስኳር መከልከልም ሞት ሊያመጣ ይችላል። ለትኩሳት በፊንጢጣ የሚሰጠውን ገዛን።

ሳምንት 8 እስከ 12፣ የተልባ እንጀራ

የወደቀው፦ 5፣ 2፣ 1፣ 1፣ 0።

ኪቶኑ ተመልሶ ወጣ፤ ስለዚህ ጊዜ አገኘሁ። አቡሽ ከእኛ መሶብ እንዲበላ እፈልጋለሁ። ክሬም ሲጠጣ እኛ ጀርባችንን ሰጥተን መብላት ሰልችቶናል።

ሙከራ 1። 30 ግራም ጥሬ ተልባ ፈጭቼ በውኃ በጠበጥኩ። ሙጫ ሆነ። ምጣዱ ላይ አልዘረጋ አለ፤ በቢላ ፋቅሁት።

ሙከራ 2። ተልባውን ቆላሁት፣ ሙሉ እንቁላል ጨመርኩ። ሽታው ያምራል። የወጣው ግን የእንቁላል ጥብስ ነው።

ሙከራ 3። የእንቁላል ነጭ ብቻ፣ ጥቂት ኮምጣጤና ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ። ዓይን አወጣ! እማማ ጮኸች። ሲነሳ ግን ተቦጫጨቀ። እሳቱም በዝቶ ነበር።

ሙከራ 4። እማማ «ያለ እርሾ እንጀራ የለም» አለች። እውነቷን ነው፣ ኮምጣጤ የእርሾን ጣዕም አይተካም። የጤፍ እርሾ ጠብ አድርገን ሁለት ቀን አቦካነው። ጣዕሙ የእንጀራ ሆነ። ዳይቲሺያኗ ግን ከቦካ በኋላ ስንት ካርብ እንደቀረ በቤት መለካት እንደማይቻል ነገረችኝ። ያልተለካ ነገር አይገባም። ደፋነው። ያ በጣም አሳዘነኝ፤ ከሁሉ የጣፈጠው እሱ ነበር።

ሙከራ 5። ወደ 3 ተመለስኩ። በአንድ ቁራጭ 10 ግራም የተቆላ ተልባ፣ 10 ግራም የእንቁላል ነጭ፣ ግማሽ ግራም የሳይሊየም ገለባ (ሊጡን የሚያያይዝ ፋይበር)፣ ኮምጣጤ፣ ሶዳ። ሊጡን ሩብ ሰዓት አሳረፍኩት። በማይጣበቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ ተከድኖ። የመዳፍ ያህል ነው፤ ሲጠቀለል አይሰበርም። 4 ግራም ስብና 3 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ካርቡ ከቁጥር አይገባም። ሬሾውን ለመሙላት 9 ግራም ንጥር ቅቤ ላዩ ላይ ይቀባል። ሠራ።

ወጡስ? ዶሮ ወጥ አይሆንም። ችግሩ ዶሮው አይደለም፣ ሽንኩርቱ ነው። 100 ግራም ሽንኩርት 7.5 ግራም ካርብ አለው፣ የሁለት ምግቡን ያህል። ክትፎ ግን ሥጋና ቅቤ ነው። ለእሱ በደንብ ይበስላል። ጎመን በቅቤም እንደዚያው።

ሳምንት 13፣ ገና

ከአንድ መሶብ በላን። የአቡሽ በአንድ ጥግ በትንሽ ሳህን፣ 14 ግራም የበሰለ ክትፎ፣ አንድ የተልባ እንጀራ፣ ጎመን። እማማ ሚዛኑን አጠገቧ አድርጋ ነበር። ከሳህኑ ጠቅልላ «የኔ ጌታ፣ እንካ» ብላ አጎረሰችው። ከቆየ በኋላ ደገመችው። ሦስተኛውን እሱ ራሱ ጠቅልሎ ለእሷ ዘረጋላት። ጾሙ ተፈትቷል፣ በላችለት።

የሦስት ወር ምርመራ ውጤት፦ መንቀጥቀጡ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ኮሌስትሮሉ ጨምሯል። ሰውነት ቅባትን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ካርኒቲን ዝቅ ብሏል፤ በክኒን ተጨመረለት። ቁመቱ በሦስት ወር ግማሽ ሴንቲ እንኳ አልጨመረም። ይህ የዳይቱ ዕዳ ነው፤ ይከታተሉታል። የኩላሊት አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው።

የሦስት ወሩ ወጪ ከኢንሹራንሱ ውጭ 870 ዶላር ገደማ። አብዛኛው ክሬም፣ ስትሪፕና የባከነ ምግብ ነው። በመጀመሪያው ወር ብቻ 11 እንቁላል በሙከራ ደፍቻለሁ።

ወር 4

ሬሾው ወደ 3 ለ 1 ወረደ፣ ለቁመቱና ለኮሌስትሮሉ ሲባል። አዲሱ ስሌት፦ 27 እና 4፣ 31። 1000 ለ31 ሲካፈል 32.3። ስብ 97፣ ሌላው 32። 7 ግራም አተረፍን። 7 ግራም ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለእኛ ሙሉ እንጆሪ፣ ቲማቲምና ትንሽ ተጨማሪ ሥጋ ነው። ለሁለት ሳምንት በፍርሃት ቆጠርኩ። አልወደቀም።

ወር 5፣ ሁዳዴ

ቤቱ በሙሉ ይጾማል፣ የእሱ ጥግ ቅቤ ይሸታል። ባለቤቴ ልቧ ስላላረፈ የንስሐ አባታችንን ጠየቀቻቸው። ገና ሰባት ዓመት ያልሞላው የታመመ ሕፃን ነው፣ ጾሙ አይመለከተውም አሏት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። አየሁትና ሮጥኩ። ሳልደርስ እሱ ራሱ «የኔ ይመዘናል» ብሎ ዳቦውን መለሰላቸው። 4 ዓመት ከ5 ወሩ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለችልኝ። የጎረቤቷ ልጅ ይወድቃል፤ ቅቤ ይስጡት ወይ? አይሆንም አልኳት። ቅቤና ተልባማ እዚያ የተሻለ ነው። ግን የመጀመሪያው የደም ምርመራ ሳይደረግ፣ ከኒውሮሎጂስትና ከዳይቲሺያን ጋር ሳይሆን፣ ቁርስ በቅቤ መተካት ልጁን ሊጎዳው ይችላል። የጀመረውን መድኃኒት በየቀኑ እንዲወስድና ሐኪም ጋ እንዲመለሱ ነገርኳት። ክብሪቱንም እንዲተዉት።

ወር 8

ከወደቀ 97 ቀን ሆነው። ሄልሜቱ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ኒውሮሎጂስቷ ዳይቱ ሁለት ዓመት ገደማ እንደሚቆይ ነግራናለች። አሁን የሚቀነሰው መድኃኒቱ ነው፣ ከቫልፕሮይክ አሲዱ ይጀመራል፣ በየአራት ሳምንቱ ሩብ።

ቀን 1። ሩቡ ተቀነሰ።
ቀን 4። ምንም የለም። ከወትሮው ይልቅ ያወራል።
ቀን 9። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ትከሻው ሁለት ጊዜ ተወራጨ። አልወደቀም። ኪቶን 3.9። ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁላት።
ቀን 10። መልስ መጣ፦ ለጊዜው እዚሁ ይቁም፣ ሌላ ቅነሳ የለም። ሄልሜቱን አወረድነው።
ቀን 16። አልተደገመም። ማታ 12 የተልባ እንጀራ ጋግሬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁ። እማማ እያንዳንዱ ላይ ግራሙን ጻፈችበት።